አንድ ጉርሻ ያጣላል

ኒውዮርክ፣ ኅዳር 28 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ አባቴ፣

እማዬ ብርዱን ከማማረሯ በቀር ተመችቷታል። ትናንት በስልክ «ጸሎት የሚደረስበት ምግብ ቤት ወሰዱኝ» እያለች ስትነግርዎት ሰምቼ፣ ነገሩን ከሥር ከመሠረቱ ልጽፍልዎት ወሰንኩ።

ዓርብ ዕለት የልጅ ልጅዎ 21 ዓመት ሞላት። እሷ ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል እርግፍ አድርጋ ከተወች ሁለት ዓመቷ ነው፤ እዚህ «ቪጋን» ይሏቸዋል። ቃሉ እንኳ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1944 ነው፤ ዶናልድ ዋትሰን የሚባል እንግሊዛዊ ነው ያወጣው ብላ ለእማዬ ነገረቻት። እማዬም «እነሱ ስም ሲያወጡለት እኛ ስንቱን ሁዳዴ ጨርሰናል!» አለች።

ቀኑ ዓርብ፣ ጾመ ነቢያትም ገብቷል። እማዬ ደግሞ «ድስቱን ቅቤ ነክቶት ይሆናል» እያለች ውጭ እንደማትበላ ያውቃሉ። ልጅቷ ግን «እማማ፣ እዚያ ቤት ቅቤ ዓመቱን ሙሉ ደጁን አይረግጥም» ብላ አሳመነቻት። ማንሃተን ውስጥ ዘጠኝ ዓይነት ምግብ በየተራ የሚያቀርብ ቤት ቦታ አስያዘችልን።

እዚያ መርጦ ማዘዝ የለም፤ የመጣውን መቀበል ነው። መጀመሪያ «የሼፉ ሰላምታ» ተብሎ ለያንዳንዳችን በማንኪያ አንድ ጉርሻ መጣ። እማዬ ጎርሳ ግራ ቀኙን ቃኘች። «ሁለተኛውስ?» የለም። «አስተናጋጁን አንድ ጉርሻ ያጣላል በልልኝ፤ ለራሱ ብዬ ነው።» ነገርኩት። አስተናጋጁ ከልቡ ስቆ ወደ ውስጥ ገባ። ይዞ የተመለሰው ግን ንጹሕ ማንኪያ ብቻ ነው።

ከዚያ ቀይ ሥር መጣ፤ ሰፌድ በሚያህል ሳህን መሐል አንዲት ስስ ቁራጭ። አስተናጋጁ እጆቹን አጣምሮ ቀይ ሥሩ የት እርሻ እንደበቀለ፣ ስንት ሰዓት ጭስ ላይ እንደቆየ፣ ከሥሩ ያለው ነጭ ነገርም ቅቤ ሳይሆን ለውዝ እንደሆነ በዝግታ ይተርክ ጀመር። እማዬ ነጠላዋን አስተካክላ ብድግ አለች። ሲጨርስ «አሜን» አለች። እሱም ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ። በየሳህኑ እንዲሁ ሆነ፤ አምስተኛው ላይ እኛም አሜን ማለት ጀመርን።

ዓሣ መስሎ የቀረበው ካሮት ሁላችንንም ሲያስደንቅ እሷን ቅንጣት አላስደነቃትም። «የሽምብራ ዓሣ ነው እኮ! እኛ እንዲያውም ክንፍና ጭራ እናወጣለታለን።» እንጉዳዩን ግን ወደደችው፤ ሳህኑን በዳቦ ጠርጋ ጠርጋ መልክ ማያ አደረገችው። ሻይ ሲመጣ ማር ጠየቀች። ልጅቷ «የንቦቹ ልፋት ስለሆነ አንበላም» አለቻት። እማዬ ትንሽ አሰበችና «ታዲያ በሬው ለፍቶ ያረሰውን ምስር እንዴት ትበያለሽ?» ብላ ጠየቀቻት። ልጄ «እዚህ ትራክተር ነው» ብላ አመለጠች።

እማዬን ያሳሰባት ሌላ ነው። «ይሄ ጾም መቼ ነው የሚፈታው?» አይፈታም፣ አልናት። «ፋሲካ የለውም?» የለውም። ፊቷ በሐዘን ጥቁር አለ። ልጅቷ ለማጽናናት የኢለቨን ማዲሰን ፓርክን ታሪክ አወራቻት። ሦስት የሚሼሊን ኮከብ ያለው የዚሁ ከተማ ምግብ ቤት ነው። ሼፉ ዳንኤል ሃም እ.ኤ.አ. በ2021 ሥጋ ትቶ በአትክልት ብቻ ቤቱን ሲከፍት፣ ገበታው ለአንድ ሰው 335 ዶላር ነበር። ከአራት ዓመት በላይ ቆይቶ ባለፈው ጥቅምት፣ አትክልቱ እንዳለ ሆኖ፣ ለፈለገ ሰው ዳክዬ መለሰ።

«እሰይ! እንኳን አደረሰው!» አለች እማዬ። «እኛን 55 ቀን ያጎሳቁለን የለ፣ አራት ዓመት እንዴት ቻለው?» ቀጥላ ግን ፊቷን ቅጭም አደረገች። «በዳክዬ ነው የፈሰከው? ምነው፣ ዶሮ ጠፋ?»

ሒሳቡን አልነግርዎትም፤ ደም ግፊትዎን አውቃለሁ። ይህን ብቻ ልበል፦ መጀመሪያ አንድ ጉርሻ አጉርሰው፣ መጨረሻ ላይ ሃያ በመቶ ጉርሻ ተቀበሉን።

እኔስ በዚህ አበቃ ብዬ ነበር። ዛሬ ከቅዳሴ መልስ ግን እማዬ ማንም ወጥ ቤት እንዳይገባ አዘዘች። ጠረጴዛ ዙሪያ አስቀምጣን በስኒ ማስቀመጫ በየተራ ታቀርብልን ጀመር፦ ሱፍ ፍትፍት፣ ስልጆ፣ ቡቲቻ፣ ተልባ። ዘጠኝ ሞላ። በየተራውም እጇን አጣምራ ትቆማለች፤ ሱፉን ማን እንደወቀጠው፣ ስልጆው ስንት ቀን እንደከረመ ሳትተርክ ማንም አይጎርስም። ጉርሻው ግን ሁለት ሁለት ነበር።

የመጨረሻው አዚፋ ነው። «ይህ ምስር» አለች፣ «ከሞረትና ጅሩ በሻንጣዬ የመጣ ነው። ያረሰው በሬ ነው፤ የልጅ ልጄ ይቅር ትበለኝ። የለቀሙት አባታችሁ ናቸው። መነጽር አላደርግም ብለው ነው የለቀሙት፤ ጠጠር የደረሰው ሰውም ይቅር ይበላቸው።»

«አሜን» አልን።

አባባ፣ ጠጠሯ የደረሰችው ለእኔ ነው። ጥርሴ ደኅና ነው፤ ይቅርም ብያለሁ። መነጽርዎን ግን ያድርጉ።

አክባሪ ልጅዎ