ለአያ ስልኬ ያውቃል

«እንግሊዝኛ ለምን እማራለሁ? ስልኬ ይተረጉምልኛል» አልክ አሉ። ስልክህማ ያውቃል፤ አንተስ? ድሮ ሰው በስልክ መልእክት ይልክ ነበር፤ ዘንድሮ ስልኩ አንተን ይልክሃል። እናንተ ቡና የምትጠጡ፣ እስኪ ፍረዱኝ፦ ጎረቤቱ በልቶ «እኔ ጠገብኩ» የሚል ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ይኸው፣ ማኪያቶ ይዞ እዚህ ተቀምጧል።

«ከእጄ አይለይም እኮ!» ስልኩ አይለይህም፤ ፓኬጁ ግን ይለይሃል። የ24 ሰዓት ፓኬጅ ስትሞላ እንግሊዝኛህም የ24 ሰዓት ነው። ከወተት ቀድሞ የሚበላሽ እውቀት! «አውርጄዋለሁ፣ ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል» ካልክም ደግ አደረግህ። ስልክህ ላይ አውርደኸዋል፤ ጭንቅላትህ ላይ መቼ ልታወርደው ነው?

ለመሆኑ የምትመካበትን ነገር ታውቀዋለህ? የዛሬዎቹ የትርጉም ማሽኖች የቆሙበት ብልሃት ትራንስፎርመር ይባላል። የጎግል ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2017 ይዘውት ሲመጡ የፈተኑት ከእንግሊዝኛ ወደ ጀርመንኛና ወደ ፈረንሳይኛ በማስተርጎም ነው። አንተ የምታውቀው ትራንስፎርመር ግን ሰፈራችሁ ምሰሶ ላይ ያለውን ነው። እሱ ጧ! ያለ ቀን የጎግሉም አብሮት ይጠፋል። ባትሪህ ቀይ፣ ፊትህ አመድ።

ደግሞ ማሽኑ አማርኛን ከእናቱ ጡት ጋር የጠባው መስሎህ እንዳይሆን። ጎግል ትርጉም ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። አማርኛ የገባው በ2016 ነው። ኦሮምኛና ትግርኛ እስከ 2022 ድረስ ደጅ ጠንተዋል። ማሽን የሚማረው ከተጻፈ ነገር ነዋ! ኢንተርኔት ላይ የእንግሊዝኛው በጎተራ ነው፤ የእኛው በቁና። እንግዲህ በአማርኛ በኩል ማሽኑም እንዳንተው ተማሪ ነው። ኩረጃውስ ይቅር ይባል፤ እንዴት ሰው ፈተና ላይ ካለ ተማሪ ይኮርጃል?

አማርኛችን ደግሞ ሲጻፍ ይላላ ይጥበቅ አይናገርም። «ገና» ብለህ ጻፍ እስኪ። ካላላኸው ነገሩ አልደረሰም፤ ካጠበቅኸው ልደት ነው። ለንደን ያለ ደንበኛህ «ዕቃዬስ?» ሲልህ «ገና ነው» ብለህ ጻፍክለት እንበል። ማሽኑ «የገና በዓል ነው» ብሎ ቢያቀብለው በምን ታውቃለህ? እሱ «እንኳን አደረሰህ» ይልሃል፤ አንተ «ኧረ አልደረሰም» ትለዋለህ። ሁለታችሁም ጨዋ፣ ሁለታችሁም ቅን፤ ዕቃው ግን የለም። «አለ»ንም ጨምርበት። «ገንዘብ አለ» ሲባል ገንዘቡ መኖሩም ነው፣ ሰውየው «ገንዘብ» ማለቱም ነው። ባንክ ቤት ስትደርስ ልዩነቱ ይገባሃል።

ከወዲያ ሲመጣም ያው ነው። «ሳንክሽን» የሚሉት ቃል መፍቀድም መቅጣትም ነው። «ኦቨርሳይት» ቁጥጥርም ነው፤ ሳያዩ ማለፍም ነው። የውል ወረቀት ላይ የትኛው እንደሆነ የሚለየው ዙሪያውን ያነበበ ሰው ነው። አንተ ማሽኑ በመረጠልህ ላይ ትፈርማለህ። ሰሙን ያቀብልሃል፤ ወርቁ ኔትወርክ ላይ ቀረ!

ለሥራ ቃለ መጠይቅ ስትቀርብስ? ጠያቂዋ በእንግሊዝኛ ጀመረች። «አንዴ ልተርጉም» ብለህ ኪስህ ልትገባ ነው? ልብህ ትር ትር፣ ጥያቄው ጉም። ትር-ጉም ይሉሃል ይህ ነው።

ታናሽ ወንድምህንስ ምን ልትመክረው ነው? ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ፊዚክሱም ባዮሎጂውም በእንግሊዝኛ ነው። የ12ኛ ክፍል ፈተናም በእንግሊዝኛ ነው። የፈተናው አዳራሽ በር ላይ ደግሞ ስልክ ክልክል ነው። ልጁ የሚገባው ጭንቅላቱን ብቻ ይዞ ነው፤ ባዶውን አትስደደው።

ስልክን ወደዚህ አገር ያስገቡት አፄ ምኒልክ ናቸው። ሰው በተረጎመው ነገር መታመን ምን እንደሚያመጣም ያዩት እሳቸው ናቸው። የ1881 ዓ.ም. የውጫሌ ውል አንቀጽ 17 በአማርኛው «ይቻላቸዋል» አለ፤ በጣልያንኛው ግዴታ ሆኖ ተገኘ። በአንድ ግሥ አገር ልትሄድ ነበር። ከሰባት ዓመት በኋላ ነገሩ አድዋ ላይ ተቋጨ። እሳቸው ሲታለሉ የሚዘምት ሠራዊት ነበራቸው። አንተ ስልክህ ሲያታልልህ ወዴት ልትዘምት ነው? ወደ ቻርጀር?

ማሽኑን ጠልቼ አይደለም፤ እኔም እሠራበታለሁ። ለሚያውቅ ሰው ፈረስ ነው፤ ኮርቻ ጭነህ ትጋልበዋለህ፣ ሲስት ልጓሙን ትስባለህ። የማያውቀውን ግን ኮርቻ ጭኖ የሚጋልበው እሱ ነው። እስኪ ጀርባህን አሳየን!

የመጨረሻዋን እንካ። ገጣሚው ነቢይ መኮንን በደርግ ዘመን ማዕከላዊ ታስሮ ሳለ የማርጋሬት ሚቸልን «ጎን ዊዝ ዘ ዊንድ» ወደ አማርኛ መለሰው። በመጀመሪያው እትሙ ከሺህ ገጽ የሚያልፍ መጽሐፍ ነው። ስልክ የለ፣ ኔትወርክ የለ፣ ደብተር እንኳ የለ፤ የጻፈው በሲጋራ ፓኬት ወረቀት ላይ ነው። ያ ሥራ «ነገም ሌላ ቀን ነው» ተብሎ ታትሞ አገር አነበበው። እሱ እስር ቤት ሆኖ እንግሊዝኛውን አማርኛ አደረገው። አንተ ቡና ቤት ቁጭ ብለህ፣ ስልክህ ሙሉ፣ ጊዜህ ሙሉ፣ «ለምን እማራለሁ» ትለኛለህ።

ማኪያቶህን ጨርስና ነገ ጠዋት ተመዝገብ።