በሁለት ጣት ቁፋሮ

ኧረ ይሄ ዘመን! ጎረምሳው ሃያ ቶን ብረት ላይ ተቀምጦ፣ አየሩ እየቀዘቀዘለት፣ በሁለት ጣት ጆይስቲክ እያባበለ ቋጥኝ ሲፈነቅል ይውልና ማታ «ደከመኝ» ይላል። ምኑ ነው የደከመው? አውራ ጣቱ?

በእኛ ጊዜ ሌቨር ማለት ሌቨር ነበር። ከፊትህ የተተከለው ብረት በዘንግ ተያይዞ በቀጥታ ዋናው ቫልቭ ውስጥ እየተንሸራተተ የዘይቱን መንገድ ከሚከፍተውና ከሚዘጋው ብረት፣ ከስፑሉ ጋር ይገናኛል። ስፑሉን የምትስበው አንተ ነህ፤ የዘይቱን እልህ የሚችለውም ክንድህ ነው። ማታ ትከሻህ በቅቤ ይታሻል፣ ጠዋት እንደገና ትወጣለህ። ዛሬ ማን ትከሻ አለው?

የዛሬው እስካቫተር ሥርዓቱ የድሮ ቤተ መንግሥት ነው። ኦፕሬተሩ ከዋናው ዘይት ጋር ፊት ለፊት አይገናኝም፤ መሀል ላይ እልፍኝ አስከልካይ አለ፣ ፓይለት ይሉታል። ከሁለቱ ትልልቅ ፓምፖች ጎን አንዲት ሚጢጢ ባለ ጥርስ ፓምፕ ተለጥፋለች። ትልልቆቹ እስከ 350 ባር ገደማ ሲያገሱ እሷ 40 ባር አካባቢ ላይ ትቆማለች። በዚህ አቅሟ ቋጥኝ አትነካም። ሥራዋ ትእዛዝ ማድረስ ብቻ ነው።

የእህቴን ልጅ «የጆይስቲኩን ጎማ ገልጠህ ሥሩን አይተህ ታውቃለህ?» ብለው፣ «ጋሼ፣ ምን ሊያደርግልኝ?» አለኝ። ገለጥኩለት። አራት ትናንሽ የብረት መግፊያዎች አሉ፣ ለአራቱ አቅጣጫ አንዳንድ። እጀታው ወደ አንዱ ሲያዘነብል መግፊያው ይወርድና ከሥሩ ያለችው ቫልቭ ከፓይለቱ ዘይት ቆንጥራ ታሳልፋለች። ትንሽ ካዘነበልክ ትንሽ ግፊት፣ እስከ ጥግ ከገፋህ 25 ባርና ከዚያም በላይ። ዘይቱ በቀጭን ሆዝ ሄዶ የስፑሉን ጫፍ ይገፋል፤ በወዲያ በኩል ስፕሪንግ ይመክታል። ሁለቱ ተገፋፍተው እኩል የሆኑበት ቦታ ስፑሉ ይቆማል፣ ዋናው ዘይትም በዚያው ልክ ወደ ሲሊንደሩ ይጎርፋል። የስፑሉ ጫፍ ስፋት ዳር እስከ ዳር 2.5 ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ 25 ባር ከ120 ኪሎ በላይ ይገፋል ማለት ነው። ያ የእኔ ትከሻ ነበር! ለእኔ ማን ባር ቆጠረልኝ?

እውነት ለመናገር አንድ ነገር አመሰግናለሁ። በሩ አጠገብ ያለችውን የደህንነት ሌቨር ስታነሳ የፓይለቱ ዘይት ይቆረጣል፤ ከዚያ በኋላ ጆይስቲኩን ሕፃን ቢጫወትበት ትልቁ ክንድ፣ ቡሙ፣ ንቅንቅ አይልም። በእኛ ጊዜ አንዱ ሲወርድ ካፖርቱ ሌቨሩን ጎትቶት ባኬቱ ዱብ ሲል፣ ከታች ምሳውን ይዞ የቆመው ሁሉ ሳህኑን ጥሎ ይበረግግ ነበር። ፋብሪካዎቹ ግን ይህንን ሁሉ ሲያስቡ የትኛው እጅ የቱን እንደሚያዝ መስማማት አቃታቸው። አንዱ ማሽን ላይ ቡሙ በቀኝ እጅ ነው፣ ሌላው ላይ በግራ። ልጁ ትናንት የለመደውን ይዞ ዛሬ ሌላ ማሽን ላይ ይወጣል፤ ቡም አወርዳለሁ ብሎ ከቡሙ ጫፍ ያለውን ክንድ፣ ስቲኩን፣ ይዘረጋል፣ አጥር ይፈርሳል።

እኔን የሚያንገበግበኝ ግን ብልሽት ሲመጣ ነው። አንድ ሳይት ላይ ማሽኑ ሁሉ ነገሩ ዝግ አለ፦ ቡሙም፣ ዙሩም፣ ጉዞውም። አለቃው ገና ከመኪናው ሳይወርድ «ዋናው ፓምፕ ሞቷል፣ ይፈታ!» ብሎ አዘዘ። የኔ ጌታ፣ አንዱ እንቅስቃሴ ብቻ ቢደክም የራሱን ስፑል ወይም ሆዝ ጠርጥር፤ ሁሉም አብረው ከደከሙ ግን ፓምፕ ከማውረድህ በፊት ፓይለቱ ላይ የግፊት ጌጅ ሰክተህ እይ። ማን ሰምቶኝ? የፓምፑ ገንዘብ ወጣ፣ አዲሱ ተገጠመ፣ ማሽኑ እንደ ትናንቱ አዘገመ። በመጨረሻ ጌጅ ሲሰካ 15 ባር ነበር፤ የፓይለቱ ፊልትሮ ጭቃ ጠጥቶ ቁጭ ብሏል። የአለቃውን ፊት ግን ማየት ነበረባችሁ!

አሁን ደግሞ ይባስ ብሎ፣ አንዳንዶቹ አዳዲስ ማሽኖች ላይ ጆይስቲኩ ሥር ዘይት የሚባል ነገር የለም። ሽቦ ብቻ! ጣት ለኮምፒዩተር ይነግራል፣ ኮምፒዩተር ለሶሌኖይድ፣ ሶሌኖይድ ለዘይት፣ ዘይት ለስፑል። አፈሩ ዘንድ እስኪደርስ ስንት ደጅ ጠናን! የእህቴ ልጅ በዚህ ይኮራል። ባለፈው ከቫልቩ ጀርባ ያለው ሆዝ ላልቷል፣ እየው ብለው ሳይነሳ ስክሪኑን በጣቱ ነካ ነካ አደረገና «ጋሼ፣ እዚህ ካልጻፈ ችግር የለም ማለት ነው» አለኝ። ይህን ሲለኝ ዘይቱ ጫማዬ ላይ እየተንጠባጠበ ነበር።