ውሃ ከሆነ ጠጣው!

ጦሱ የመጣው ከአከራዬ ከእማማ ነው፤ ምን ላድርግ፣ እሳቸው ላይ ላላክክ እንጂ። ጀበናቸውን ሊሞሉ ቧንቧውን ከፍተው አሸተቱና «ይኼ ውሃ ነው በረኪና?» አሉ። ደህና ሰው ቡናው እስኪፈላ ዝም ይላል። እኔ ግን ሰሞኑን አንድ ሁለት ገጽ አንብቤ ስለነበር አፌን በላኝ።

«እማማ፣ ክሎሪኑስ ደግ ነው፤ ክፉዎቹ ልጆቹ ናቸው።»

«የማን ልጆች?»

ይኸውላችሁ፣ ክረምት ሲመጣ ጎርፉ ቅጠሉንም ሣሩንም ጠራርጎ ለገዳዲ፣ ድሬና ገፈርሳ ግድብ ያስገባዋል። ማጣሪያው ያላስቀረውን የብስባሽ ትራፊ ክሎሪን ሲያገኘው ክሎሮፎርምና ወንድሞቹ ይወለዳሉ። የሮተርዳሙ ኬሚስት ዮሃንስ ሮክ ይህን በ1974 እ.ኤ.አ. እንደጻፈው ለእማማ ከነዓመተ ምሕረቱ አስረዳሁ። እሳቸው ከዚህ ሁሉ የያዙት ክሎሮፎርምን ብቻ ነው፤ ያንን ፊልም ላይ በመሐረብ አድርገው ሰው የሚያደነዝዙበትን። «ለካ እንቅልፍ የሚጥለኝ በከንቱ አይደለም! በል አስመርምርልኝ።»

የአየር አረፋ እንዳይቀርበት ሃይላንዱን እስከ አፉ ሞልቼ፣ ከማዘጋጃ ቤት ቁልቁል ቸርችል ጎዳናን ተያያዝኩት። እንዳይናጥ ብዬ እንደ ጸበል በሁለት እጄ ይዤዋለሁ። ቴዎድሮስ አደባባይ፣ ሴባስቶፖል አጠገብ ስደርስ አንዲት እናት ነጠላቸውን ገለጥ አድርገው «ልጄ፣ ግንባሬን ንካልኝ» አሉኝ። የቧንቧ ነው ብል ንፉግ አሉኝ። ገንዘብ ተበድሮ የካደ ሰው እንኳ እንደዚያ አይታይም።

ላቦራቶሪው ያለበት ሕንፃ በር ላይ ጥበቃው አስቆመኝ።

«ምንድን ነው?»

«ውሃ ነው ጋሼ።»

«ውሃ ከሆነ ጠጣው።»

«ለምርመራ እኮ ነው።»

«መርዝ ይኖረዋል ብለህ ጠርጥረሃል?»

«ትንሽ…»

ይቺን «ትንሽ» ባልተናገርኳት! ከኋላዬ የተሰለፈው ሰው ሁሉ ፈንጠር አለ። ነፍሴን ለማዳን ግማሹን አንደቀደቅኩት፤ ጥበቃው ጉሮሮዬ ሲወጣ ሲወርድ ዝቅ ብሎ ያያል። ከዚያ አሳለፈኝ።

ውስጥ ያለችው ልጅ ሃይላንዱን ወደ መብራቱ ከፍ አድርጋ አየችው። «ጋሼ፣ ማን ጠጣው?» አለች። ክሎሮፎርም ተናኝ ስለሆነ ባዶ ቦታ ሲያገኝ ከውሃው ወደዚያ ይወጣል፤ ሲከፈት እብስ ነው። ደግሞም ናሙናው የሚያዘው በመስታወት ዕቃ፣ ክሎሪኑን የሚያስቆም ነገር ተጨምሮበት፣ በቅዝቃዜ ነው፤ አለዚያ መንገድ ላይም መውለዱን አይተውም። የዓለም ጤና ድርጅት ለክሎሮፎርም በሊትር 300 ማይክሮግራም ያስቀመጠው ዕድሜ ልክ ለሚጠጣ ሰው አስቦ መሆኑንም ነገረችኝ። «አተት ግን ዕድሜ ልክ አይጠብቅም፤ ክሎሪኑን እንዳትጠሉት። እማማን ካሳሰባቸው ከድነው ሳይሆን ከፍተው ያፍሉት፤ ክሎሮፎርሙ ገና 61 ዲግሪ ላይ ነው የሚፈላው።»

ስወጣ ጥበቃው ጠራኝ።

«እህስ፣ ምን አሉህ?»

«አይሆንም አሉኝ።»

«ታዲያ ወዲህ በላ፣ ጠምቶኛል» ብሎ የቀረውን ጨለጠው። ሃይላንዱንም ለዘይት ይሆነኛል ብሎ አስቀረው።