ወደ ማክ ሲሻገሩ ላይሰንስዎን በወጉ የመቅበር መመሪያ

እንኳን ደስ አለዎት፤ ማኩ ተገዝቷል። ካርቶኑ ሳሎን መሀል ተቀምጧል፣ ቤተሰቡ ከቦታል፣ የመጨረሻዋ ልጅዎ «ፕላስቲኩን እኔ ልላጠው» እያለች እጅጌዎን ትጎትታለች። በዚህ ሰዓት ስለ አሮጌው ዊንዶውስ ላፕቶፕ፣ ይባስ ብሎም በውስጡ ስላሉት ገንዘብ ስለተከፈለባቸው ፕሮግራሞች ማሰብ ደስታን ማደፍረስ ነው። አያስቡ። ላይሰንሱ ከዊንዶውስ ወደ ማክ አብሮ ይሻገር እንደሆነ፣ የአፕግሬድ ቅናሽ ይኖር እንደሆነ፣ የድሮው ፋይል ይከፈት እንደሆነ መጠየቅ ያለበት ኮምፒውተሩ ከመገዛቱ በፊት ነው የሚሉ ሰዎች አሉ። የእነዚህ ሰዎች ገንዘብ አይባክንም፤ ስለዚህ ይህ ጽሑፍ አይመለከታቸውም።

ከእርስዎ የሚጠበቀው አሮጌውን ላፕቶፕ በአስቸኳይ መሸጥ ነው። ገዢው ደጋግሞ እየደወለ ነው፤ እርስዎም የልጆችዎ ፎቶ የማያውቁት ሰው እጅ እንዲገባ አይፈልጉም። እንግዲያው ፎርማት ያድርጉት፣ ሙልጭ አድርገው። ብቻ ከዚያ በፊት ፎቶሾፕን ከፍተው «ሄልፕ» ከሚለው ሜኑ ውስጥ «ዲአክቲቬት» የምትለዋን መስመር እንዳይነኳት አደራ። የዚህች መስመር ሥራ ለፎቶሾፕ ባለቤት ለአዶቢ ኩባንያ «ይህ ማሽን ከእንግዲህ ፕሮግራሙን አይጠቀምም፣ ቦታውን ልቀቁ» ብሎ መንገር ነው። አንድ የአዶቢ ላይሰንስ አክቲቬት የሚሆነው በሁለት ኮምፒውተሮች ላይ ነው፤ ሳይናገሩ ያጠፉት ላፕቶፕ ግን በኩባንያው መዝገብ ላይ በሥራ ገበታው እንዳለ ይቆጠራል። ሁለተኛውን ቦታ ደግሞ ፓወር ሰፕላዩ ተቃጥሎ ዕቃ ቤት የተወረወረው ዴስክቶፕ ይዞታል። ማኩ ላይ «የተፈቀደልዎ ቁጥር ሞልቷል» የሚል ጽሑፍ ሲመጣ ወደ ገዢው ይደውሉና «እባክህ ላንዴ መልስልኝ» ይበሉት። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው፤ እርስዎ ግን ከልብዎ ይጩኹ። (በወርሃዊ ክፍያ የሚጠቀም ሰው የድሮውን ማሽን በአካውንቱ በኩል ከሩቅ ማስወጣት ይችላል። ይህ ምክራችንን ስለሚያበላሽ እንዳልሰሙ ይሁኑ።)

ላፕቶፑ ገና ከእጅዎ ካልወጣ አንድ ደስታ ይቀርዎታል፤ ሲሪያል ነምበር ፍለጋ። ደረሰኙ፣ ኢሜይሉና ካርቶኑ በሙሉ ተጥለዋል ብለን እናስብ፤ ያልጣለ ካለ አሁን ይጣል። የቀረችው ከላፕቶፑ ሆድ ላይ የተለጠፈችው ወረቀት ናት፤ 25 ፊደልና ቁጥር፣ አምስት አምስት ሆኖ በሰረዝ የተከፈለ። ለዓመታት ጭን ላይ ሲቀመጥ በሙቀትና በሱሪ ፍትጊያ መሀሉ ነጥቷል። በስልክዎ መብራት በጎን እያበሩ፣ 8 ይሁን ቢ፣ 6 ይሁን ጂ እየገመቱ፣ አንዳንዴም በጥፍርዎ እየዳሰሱ ይቅዱት። ይህን ሁሉ ከደከሙ በኋላ ቁጥሩ የዊንዶውሱ እንጂ የሌላ የምንም ፕሮግራም እንዳልሆነ ይረዱ። ዊንዶውሱም ቢሆን ከፋብሪካ ከማሽኑ ጋር የመጣ ስለሆነ ከዚያ ማዘርቦርድ አይላቀቅም። ወረቀቷን ግን ለመታሰቢያ ልጠው ማኩ ላይ ይለጥፏት፤ ታምራለች።

አሁን ወደ አፕግሬዱ እንግባ። አዶቢ እ.ኤ.አ. በ2012 ሲኤስ 6 የተባለውን እትም እስካወጣበት ጊዜ ድረስ ፎቶሾፕ የሚሸጠው አንዴ ተከፍሎበት ለሁልጊዜ ነበር። ለሁልጊዜ፣ ግን ወይ ለዊንዶውስ ወይ ለማክ። የዊንዶውሱ ሲሪያል ማክ ላይ አይሠራም። ኩባንያው ጨካኝ አልነበረምና ፕላትፎርም ለሚቀይር ደንበኛ መንገድ አበጅቶ ነበር፦ ደንበኛው የዊንዶውሱን ቅጂ ማጥፋቱን የሚያረጋግጥ ደብዳቤ ፈርሞ ይልካል፣ በምትኩ የማኩን ይቀበላል። የደብዳቤው ስም በቀጥታ ሲመለስ «የሶፍትዌር ማውደሚያ ደብዳቤ» ነው። ለአንድ ፕሮግራም መሞት ፊርማ ያለበት ማስረጃ! ቀበሌ እንኳ እንዲህ ያለ ፎርም የለውም። ዕድሉ ግን በወቅቱ ገበያ ላይ ላለው እትም ብቻ ነበር። የቆየ እትም የያዘ ሰው ለመሻገር መጀመሪያ አፕግሬድ መግዛት ነበረበት። ስለዚህ በዚያ ዘመን ጥበበኛ የሆነ ሰው «ነገ እፈርማለሁ» እያለ አዲስ እትም እስኪወጣ ድረስ ደብዳቤውን ያቆየው ነበር።

በ2013 አዶቢ ከእንግዲህ አዲስ እትም በወርሃዊ ክፍያ ብቻ ነው አለ። ክፍያው ለዊንዶውስም ለማክም ያገለግላልና የመሻገሩ ጣጣ ቀለለ፤ «ለሁልጊዜ» የሚለው ነገርም በዚያው ቀረ። እርስዎ ዛሬም ሲኤስ 6 ካለዎት ምክሬ አጭር ናት። ሲኤስ 7 በቅናሽ እስኪወጣ ይጠብቁ። በትዕግሥት ይጠብቁ።

«ዲስኩም ሲሪያሉም እጄ ላይ ነው፣ ማን ይነካኛል» የሚል ዓይነት ሰው ከሆኑ የበለጠ ተስፋ አለዎት። በ2005 የወጣው ሲኤስ 2 ሲጫን ከኩባንያው ሰርቨር ፈቃድ ይጠይቅ ነበር፤ በ2013 መጀመሪያ ሰርቨሩ እንደተዘጋ ተሰማ። ኩባንያው ለነባር ደንበኞች አክቲቬሽን የማይጠይቅ ቅጂ አቀረበላቸው፣ ምስጋና ይግባውና። ይሁን እንጂ የዚያ ቅጂ የማክ ወገን የተሠራው ለፓወርፒሲ ፕሮሰሰር ነው። አፕል በ2006 ወደ ኢንቴል ሲዞር ሮዜታ የሚባል አስተርጓሚ መሀል ገብቶ ያሠራው ነበር፤ በ2011 ላየን የተባለው ሲስተም ሲመጣ ሮዜታ ተነሣ። በ2019 ካታሊና የተባለው ሲስተም 32 ቢት ፕሮግራሞችን በሙሉ አስወጣ፤ ሲኤስ 6ም ከነዲስኩ ደጅ ቀረ። በ2020 ደግሞ ኤም 1 የተባለው አዲስ ፕሮሰሰር መጣ። አንዳንዱ ሰው ፕላትፎርም ይቀይራል፤ አንዳንዱ ደግሞ ከወንበሩ ሳይነሣ ፕላትፎርሙ ይቀየርበታል። ስለዚህ «አሁን አፕዴት አድርግ» የሚል ቁልፍ ባዩ ቁጥር ሳያነቡ ይጫኑት፤ በተለይ የሚያዘጋጁት መጽሔት ማተሚያ ቤት በሚገባበት ዋዜማ ሌሊት።

ይህ ሁሉ የፈረንጅ ጣጣ ነው። የእኛው ጉድ የሚመጣው የአማርኛውን ፋይል ሲከፍቱ ነው።

ዩኒኮድ ለግዕዝ ፊደል ቦታ የሰጠው በ1999 በ3.0 እትሙ ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት፣ የጻፍነው በፓወር ግዕዝ፣ በቪዥዋል ግዕዝና በመሰሎቻቸው ነው። የድሮው ፎንት የነበረው 256 ቦታ ብቻ ነው። የእኛ ፊደል 33 በሰባት ተባዝቶ 231 ይሆናል፤ ዲቃላዎቹ፣ አኃዞቹና ነጥቦቹ ሲጨመሩ አልበቃ አለ። ስለዚህ ፊደላችን የላቲን ፊደላት ቤት ውስጥ በተከራይነት ገባ። ፋይሉ ውስጥ «ሰላም» የሚል ነገር የለም፤ ያሉት ሌሎች ምልክቶች ናቸው፣ «ሰላም» አስመስሎ የሚያሳያቸው ፎንቱ ነው። ፎንቱን የማያውቀው ማክ ፋይሉን ሲከፍት የውስጡን ያወጣዋል። ዊንዶውሱ ላይ «የእድሩ መተዳደሪያ ደንብ» ይል የነበረው ርዕስ ነጥብ የተሸከሙ ኦዎች፣ ጭራ ያበቀሉ ሲዎች፣ የፓውንድ ምልክትና ራሷን ዘቅዝቃ የቆመች የጥያቄ ምልክት ሆኖ ይመጣል። እድርተኛው በጠቅላላ ጉባኤ ያጸደቀው ደንብ ይኸው ነው ብለው ለሰብሳቢው ያሳዩት።

መፍትሔው ቀላል ስለነበር ማምለጡ ጥንቃቄ ይጠይቃል። የግዕዙ ፕሮግራም ገና ዊንዶውሱ ላይ ሳለ ፋይሎቹን ወደ ዩኒኮድ የቀየረ ሰው ማክ ላይ ችግር የለበትም፤ ከላየን ጀምሮ ከፋ የተባለ የግዕዝ ፎንት ከሲስተሙ ጋር ይመጣል። ሌላው ቢቀር ፒዲኤፍ ያደረገ ሰው፣ ፒዲኤፉ ፎንቱን በውስጡ ይዞ ስለሚጓዝ፣ ማንበብና ማተም አያቅተውም። ለመጻፉም ኪማን የተባለው ፕሮግራም በዊንዶውስም በማክም ላይ በነጻ ይሠራል። እርስዎ ከእነዚህ አንዱንም አያድርጉ። ፋይሉን ማኩ ላይ ይክፈቱ፣ ሁሉንም ይምረጡ፣ ፎንቱን ወደ ከፋ ይቀይሩ፣ ምንም እንዳልተለወጠ ይመልከቱ፣ ከዚያ ሴቭ ያድርጉት። ይህች የመጨረሻዋ እርምጃ የሊቅ ሥራ ናት። ነገ አንድ ጎበዝ ልጅ ሊቀይርልዎ ቢነሣ እንኳ የሚመራው የድሮው ፎንት ስም ነበር፤ እርስዎ እሱኑ አጥፍተውለታል።

ላይሰንሱ በማን ስም ነው የሚለው ጥያቄም አለ፤ ይህን በተፈጥሮ ስለሚያበላሹት ምክር የሚያስፈልግዎ አይመስለኝም። የዶላር ካርድ እንደልብ በማይገኝበት አገር ፕሮግራሙን የገዛልዎ ሜሪላንድ ያለው የአጎትዎ ልጅ ነው፤ በእሱ ካርድ፣ በእሱ ኢሜይል፣ በእሱ ስልክ ቁጥር። እስካሁን አልታወቀዎትም፣ ላፕቶፑ ላይ አንዴ ገብቶ ነበርና። አዲሱ ማሽን ግን እንግዳ ነው፣ ማንነት ይጠይቃል። አዲስ አበባ ረፋዱ 4 ሰዓት ላይ፣ በበጋ ወራታቸው እዚያ ሌሊቱ 9 ሰዓት ሲሆን፣ ይደውሉ።

«አንተ ልጅ፣ ኮድ መጣልህ?»

«ጋሼ? ደኅና ናችሁ? ምን ተፈጠረ?»

«ደኅና ነን፣ ሁሉም ደኅና ነው። ስድስት ቁጥር ናት፣ ቶሎ ንገረኝ።»

ይነግርዎታል። ይጽፏታል። ጊዜዋ አልፏል።

«እንደገና ላስልከው፤ እንዳትተኛ!»

ለሒሳብ ሠራተኞች ልዩ ክፍል ቢኖረን ጥሩ ነበር፤ እነሱ ግን በራሳቸው የተካኑ ናቸው። ማክ ላይ ወርድና ኤክሴል አሉ፣ አክሰስ የለም። በ2012 ስሙ ሴጅ 50 ቢባልም እኛ ቢሮ ዛሬም ፒችትሪ የምንለው ፕሮግራምም የሚሠራው በዊንዶውስ ነው። ይህን ሐምሌ ላይ፣ ሒሳብ በሚዘጋበት ሳምንት ይወቁት። ከዚያ «ዊንዶውስን ማክ ውስጥ መጫን ይቻላል» የሚል ወዳጅ ይመጣል። ልክ ነው፣ በኢንቴል ማክ ላይ ለዚሁ የሚያገለግል ቡት ካምፕ የሚባል ፕሮግራም ነበር፤ በእነ ኤም 1 ላይ የለም። አሁን ያለው መንገድ ዊንዶውስን ማክ ውስጥ የሚያስነሣውን ፓራለልስ የተባለ ፕሮግራም መግዛት፣ ማይክሮሶፍት በ2023 በዚያ በኩል እንዲሠራ የተስማማበትን ለአርም የተዘጋጀ ዊንዶውስ 11 ከነላይሰንሱ መግዛት፣ ከዚያም ፒችትሪውን እንደገና ማስመዝገብ ነው። አሮጌው ፒችትሪ እዚያ ውስጥ ከተነሣ ዕድለኛ ነዎት። ከዊንዶውስ ለመገላገል የተገዛው ማክ በዚህ መንገድ የአንድ ዊንዶውስ፣ የአንድ ፓራለልስና የአንድ ፒችትሪ ባለዕዳ ይሆናል።

የውል ጽሑፉን ማንበብ ክልክል ነው። ወደ ታች ሸርተት አድርገው «እስማማለሁ» ይበሉ። በ2013 ማይክሮሶፍት አዲሱን ኦፊስ መጀመሪያ ከተጫነበት ኮምፒውተር ወደ ሌላ እንዳይዛወር አድርጎ ሲያወጣ፣ ውሉን ያነበቡ ሰዎች ጮኹና በዚያው ዓመት ማርች ላይ አስቀየሩት። አንባቢ ሰው እንዲህ ነው፣ ነገር ማበላሸት ይወዳል።

ሁሉ ነገር ሲሰለችዎ ሰፈር ወዳለው ኮምፒውተር ቤት ይሂዱ። ልጁ ፍላሽ ከኪሱ አውጥቶ «ሙሉ አለኝ፣ ለማክም አለኝ» ይልዎታል። አንዴ በሕጋዊ መንገድ የከፈሉበትን ፕሮግራም ክራክ አድርጎ መጫን የዚህ መመሪያ ቁንጮ ነው፤ ገንዘቡም ወጥቷል፣ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996ም ተጥሷል። ልጁ «መከላከያውን ላንዴ ላጥፋው» ሲል ፓስወርድዎን ጮክ ብለው ይንገሩት፣ ወረፋ የያዙትም ይስሙ።

ይህንንም ካልደፈሩ የሚቀርዎት ወደ ኩባንያው የደንበኞች አገልግሎት መደወል ነው። ደረሰኝ አይያዙ፣ ሲሪያሉን አያዘጋጁ፣ የአጎትዎን ልጅ ኢሜይል አይጠቀሙ፣ የራስዎን ይስጡ። ሙዚቃውን ሲያዳምጡ ከቆዩ በኋላ ትሑት ድምፅ ያለው ልጅ ይመጣና ያለዎት ላይሰንስ የዊንዶውስ ነው ወይስ የማክ ብሎ ይጠይቅዎታል። ቆጣ ይበሉና «የራሴ ነው» ብለው ይመልሱለት።