የልጅነት ቅቤና የእንግሊዝ ጉምሩክ

ባተርሲ ውስጥ፣ ከኩዊንስታውን መንገድ ገባ ብሎ፣ በ1870 እ.ኤ.አ. ገደማ ለእንግሊዞች የተሠራ የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን አለ። ዛሬ የሚቀደስበት በግዕዝና በአማርኛ ነው፤ ደብሩም ደብረ ጽዮን ቅድስት ማርያም ይባላል። እሑድ ቅዳሴው አልቆ ሕዝቡ «በሰላም ግቡ» ከተባለ በኋላ፣ ሳይገባ ደጅ የሚቆምባት ሰዓት አለች። ለዚህ የአገር ናፍቆት ጥናት የሚሆነው ጥሬ መረጃ የሚመረተው በዚያች ሰዓት ነው። የጎጃሙ ሰው የዳሞትን ቅቤ ያነሣል፤ የወሎዋ እናት የላስታን ማር ታስከትላለች፤ ሐረርጌ የኤረርን ብርቱካን ይዞ ይገባል፤ ሲዳሞ ሌላው ቢቀር የይርጋ ዓለምን ዝናብ ያወድሳል። ሁሉም በአንድ ነገር ይስማማሉ፦ ያደጉበት አገር ውሃ ከሌላው አገር ውሃ ሁሉ ይጣፍጣል። ሳይንሳዊው ችግር የሚነሣው እዚህ ላይ ነው። በንጉሡ ዘመን መጨረሻ ኢትዮጵያ 14 ጠቅላይ ግዛቶች ነበሯት። 14ቱም ከሁሉ የሚበልጥ ውሃ ሊኖራቸው ስለማይችል፣ ቢያንስ 13ቱ ተሳስተዋል።

ነገሩን የሚያወሳስበው ደግሞ ተወዳሾቹ አገሮች በሕግ ዓይን የሌሉ መሆናቸው ነው። ደርግ ጠቅላይ ግዛቶቹን ክፍለ ሀገር አላቸው፤ በ1980 ዓ.ም. ራሱ ከፋፍሎ ጎጃምን ምሥራቅና ምዕራብ፣ ወሎን ሰሜንና ደቡብ አደረገ። በ1984 ዓ.ም. ክልሎች በቁጥር ተሰየሙ፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ዘጠኝ ክልሎች ደነገገ፤ ዛሬ 12 ደርሰዋል። ይህ ሁሉ አዋጅ ባተርሲ አልደረሰም። ደጀ ሰላሙ ላይ ዛሬም ከፋ አለ፣ ጋሞ ጎፋ አለ፣ ኢሉባቦር ከነቡናው አለ። አስተዳዳሪና በጀት ባይኖራቸውም ድንበራቸው የጸና ነው፤ ይህንንም ለማረጋገጥ የሚሻ ተመራማሪ አንድ የመንዝ ሰውን በስሕተት «የጎንደሩ» ብሎ መጥራት ይበቃዋል።

ቀደምት ጥናቶችን ስንመረምር፣ በ1688 እ.ኤ.አ. ዮሐንስ ሆፈር የተባለ የስዊስ ሰው ባዝል ላይ ባቀረበው የሕክምና መመረቂያ ጽሑፍ የአገር ናፍቆትን እንደ በሽታ መዝግቦታል። ከእርሱ በኋላ የዙሪኩ ሾይችሰር መንሥኤውን በአየር ግፊት አስረዳ፦ የተራራ ሰው ቆላ ሲወርድ የከበደው አየር ይጫነውና ይታመማል። ይህ መላምት ለደብረ ብርሃን ሰው የተሰፋ ይመስላል፤ ከ2700 ሜትር በላይ አድጎ ከቴምዝ ዳር የወረደ ሰው መጨነቁ አይገርምም። ዳሩ ግን በዚሁ ሒሳብ ድሬዳዋ ከፍታዋ 1200 ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ ተወላጇ የደብረ ብርሃኑን ግማሽ እንኳ መናፈቅ አልነበረበትም። የድሬ ልጅ ስለ ከዚራ ዛፎች ጥላ ማውራት ከጀመረ መቼ እንደሚያበቃ የሚያውቅ ሁሉ የሾይችሰርን መላምት ያለ ተጨማሪ ሙከራ ሊጥለው ይችላል።

ይህ ጥናት የሚያቀርበው ማብራሪያ ከአየር ይልቅ ወደ ሻንጣ ያደላል። የልጅነት አገር የሚጣፍጠው ወደ እንግሊዝ መግባት በማይችለው ክፍሉ ነው፤ ጣዕሙም ከክልከላው ጥብቀት ጋር አብሮ ይጨምራል። መንግሥት ሳያውቀው ሙከራውን ሠርቶልናል። ከኢትዮጵያ የሚመጣ መንገደኛ በርበሬ፣ ሽሮና የተቆላ ቡና ይዞ መግባት ይችላል። ማር እስከ 2 ኪሎ ይፈቀድለታል። ሥጋና የወተት ተዋጽኦ ግን ክልክል ነው፤ ቋንጣና ቅቤ ማለት ነው። አሁን ውዳሴውን እንመልከት። ከሻንጣ የወጣ በርበሬ ሦስት ላስቲክና አንድ የትራስ ልብስ ተፈቶለት ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል፤ የጣት ጫፍ ይነካዋል፤ ይቀመሳል፤ ዝም ይባላል፤ ከዚያም «ኮረሪማው አንሷል» የሚል ፍርድ ይሰጣል። የመጣ ነገር ይመረመራልና። ማር ሲመጣ ፍርዱ ይለዝባል፤ «ማርስ ማር ነው፣ ግን ያ የነጩ ዓይነት አይደለም» ይባላል። ቅቤ ጋ ሲደረስ ምርመራ የሚባል ነገር የለም። የሚመረመር ቅቤ የለማ! ያ ቅቤ ሲነጠር ሽታው ከወንዙ ማዶ ሰው ይጠራ ነበር፤ አናት ላይ ተደርጎ ግንባር ላይ ሲወርድ ራስ ምታት ያድን ነበር፤ ላሚቱም ስም ነበራት። ጤና አዳም በበኩሉ በእንግሊዝ አፈር እሺ ብሎ ስለሚበቅል፣ በየበረንዳው ጣሳ ውስጥ ለምልሞ ስለሚታይ፣ ማንም አልቅሶለት አያውቅም።

መላምቱ ከጊዜ ጋር መፈተን አለበት ቢባል እንጀራ አለልን። ቀደም ባሉት ዓመታት ለንደን የገባ ሐበሻ ከስንዴና ከሩዝ ዱቄት የሚጋግረውን ሲበላ የጤፍ እንጀራ በሕልም የሚታይ ነገር ነበር፤ የቢቸና ማኛ፣ የአድዓ ነጭ ጤፍ ሲነሣ ሰው ድምፁን ዝቅ ያደርግ ነበር። ኢትዮጵያ ጥሬ ጤፍ ወደ ውጭ እንዳይወጣ ብትከለክልም የተጋገረው ተፈቀደ፤ ሆላንዶችም ጤፍ ዘሩ። ዛሬ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን የመጣ እንጀራ ከሱቅ ይገዛል። ታዲያ እንደ አዲስ ኪዳን ሲጠበቅ የኖረው እንጀራ ሲመጣ ምን ተባለ? «ደርቋል» ተባለ። ዓይኑ አነሰ፣ ኮመጠጠ፣ ዋጋው በዛ። ከውዳሴ ወደ ወቀሳ የወረደበት ፍጥነት ለመላምቱ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አያስፈልግም ያሰኛል።

መላምቱ ከምግብ አልፎ ይሠራል። በልጅነት ወሬ ውስጥ ከቅቤ ቀጥሎ ከፍተኛውን ስፍራ የያዘው ዱላ ነው፤ የየኔታ አለንጋ፣ የሒሳብ መምህሩ ልምጭ፣ «ገርፈው ሰው አደረጉን» የሚለው የምስጋና ክፍል። በእንግሊዝ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ተማሪን መግረፍ ከ1987 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ክልክል ስለሆነ ውጤቱ የሚጠበቅ ነው። እጅግ አስተማሪው ማስረጃ የበርበሬው ነው። በርበሬ ለወጥ ሲሆን ይገባል፣ ስለዚህም ኮረሪማው ይወቀሳል፤ ያጠፋን ልጅ ለማጠን ግን ባተርሲ ላይ አይፈቀድም፣ በዚህ አገልግሎቱ ወደር የለሽ ነበር ይባላል። አንዱ ቅመም በሁለት የሕግ አንቀጽ ሁለት ጣዕም አወጣ ማለት ነው። ጎረቤትም እንዲሁ ነው። ቡናው መጥቷል፣ ጀበናው መጥቷል፣ ረከቦቱ ተዘርግቷል፤ የሚናፈቀው ግን ሳይጠራ ገብቶ ሦስተኛውን ስኒ የሚጠጣው ሰው ነው፤ እርሱ ደግሞ ቪዛ ያስፈልገዋል፤ ቪዛ ከቅቤም ይከፋል። እናት እዚሁ መዝገብ ውስጥ ትገባለች። በዚህ ረድፍ ጥናቱ ብዙ መቆየት አልፈለገም።

በዚህ ላይ የሚነሡ ተቃውሞዎች አሉ። የመጀመሪያው ቀላል ነው፦ የድሮው ቅቤ በእርግጥ ይጣፍጥ ነበር፣ ላሚቱ የበላችው ሣር ሌላ ነበር የሚል። ይህን ለመፈተን ሰዎች በየዓመቱ ጥር ላይ ለጥምቀት አገር ይገባሉ፤ ቅቤውን እዚያው በቦታው ይቀምሳሉ፤ ተመልሰውም «የድሮው አይደለም» ሲሉ ይመሰክራሉ። ላሚቱ ተለውጣለች ማለት ይቻላል። ሆኖም በሁሉም ክፍለ ሀገር፣ በሁሉም መንጋ፣ ልክ ተናጋሪው ቦሌ ተሳፍሮ በወጣበት ዓመት መለወጧ የእንስሳት እርባታ ባለሙያ ሊመልሰው የሚገባ ጥያቄ ነው። በውሃ ነገር ግን ለተቃዋሚዎች መሬት መልቀቅ ተገቢ ነው። የለንደን ውሃ ኖራማ ነው፤ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ቅርፊት ይጋግራል፤ ሻይ ላይም ስስ ቆዳ ይዘረጋል። የምንጭ ውሃ ጠጥቶ ያደገ ሰው እዚህ ላይ ቢያማርር ማስረጃው ማንቆርቆሪያው ውስጥ ነው። ከ14ቱ አንዱ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ የትኛው እንደሆነ መናገር ግን ከዚያ ደጀ ሰላም ያስወጣል።

ሁለተኛው ከወሎ ሊቃውንት የመጣ ነው። አራቱ ቅኝቶች ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ መሆናቸውን፣ ከአራቱም ባቲና አምባሰል የወሎ ቦታዎች መሆናቸውን ጠቅሰው፣ መናፈቅ ራሱ የወሎ ምርት ስለሆነ ሌላው የሚናፍቀው በውሰት ነው ይላሉ። መከራከሪያው ጠንካራ ነው። መልሱም አጭር ነው፦ ቅኝት ጉምሩክ ላይ ስለማይከፈት በነፃ ይገባል፤ ስለዚህ ለዚህ ጥናት አይጠቅምም።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከበድ ይላል። የማይመጣው ሁሉ የሚጣፍጥ ከሆነ፣ ሌላም ያልመጣ ብዙ ነገር አለ። የቀበሌ ሱቅ ሰልፍ፣ የስኳር ኩፖን፣ ሌሊት ተነሥቶ ጀሪካን ይዞ ውሃ ተራ መጠበቅ ለምን በዚያው መጠን አይወደስም? ይልቁንም በ1966ና በ1977 ዓ.ም. ወሎን የመታው ረሃብ ከዚያች የእሑድ ሰዓት ውስጥ ለምን ስሙ አይነሣም? ለሰልፉ መልሱ ቀላል ነው፤ አውቶቡስ ፌርማታ ላይ እንግሊዞች በየቀኑ በነፃ ስለሚያቀርቡት የሚናፍቀው የለም። ረሃቡ ግን መላምቱን ከማፍረስ ይልቅ ያጸናዋል፤ ምክንያቱም ረሃቡ ጉምሩክ አልፏል። በጥቅምት 1984 እ.ኤ.አ. የቢቢሲው ማይክል በርክ ከኮረም የላከው ዘገባ በእንግሊዝ ሳሎን ሁሉ ገብቷል፤ በማግስቱ ዓመት ሐምሌ በዌምብሌይ ስታዲየም ዘፈን ተዘፍኖለታል። ከብዙዎቹ ስደተኞች ቀድሞ ለንደን የደረሰው እርሱ ነው። ሥራ ቦታ ላይ «ከየት ነህ?» ተብሎ «ኢትዮጵያ» ሲል ፊት ለፊቱ ያለው ሰው ዓይን ውስጥ ያ ፊልም ሲዞር ያላየ ሐበሻ ጥቂት ነው። እንግዲህ ደጀ ሰላም ላይ ቅቤው ከወንዝ ማዶ ሲሸት፣ ማሩ ከቀፎ ሲንጠባጠብ፣ እንግዳ ሳይበላ ሲያልፍ ሲነቀፍ የሚሰማው ለማን መልስ እንደሆነ መገመት አይቸግርም። ጠያቂው ሳይኖር የሚሰጥ መልስ ነው፤ በመሆኑም ቅቤው ትንሽ ቢበዛ ይህ ጥናት አይፈርድም።

አስተናጋጆቻችን እንግሊዞች ከዚህ በሽታ ነፃ ናቸው የሚል ካለ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ብዙም ሳይርቅ የባተርሲን የኤሌክትሪክ ማመንጫ ይመልከት። ጣቢያው በ1983 እ.ኤ.አ. ሥራ አቆመ። ሰፈሩን በጭስ ያጠኑት አራት ጭስ ማውጫዎች ሲያረጁ አፍርሰው፣ አዲስ አራት በዚያው መልክ ከ2014 እስከ 2017 እ.ኤ.አ. አቆሙ፤ በ2022 ሕንፃውን የገበያ ማዕከል አድርገው ከፈቱት፤ በአንደኛው ጭስ ማውጫ ውስጥም 109 ሜትር የሚያወጣ አሳንሰር ተከሉ፤ ትኬት አለው። ልዩነቱ ግልጽ ነው፤ እነርሱ የናፈቁትን እዚያው መልሰው መሥራት ቻሉ፣ ስለዚህም በዋጋው ያማርራሉ።

ቀሪው ሥራ ትንበያ ነው። ወላጆች ደጅ ቆመው ስለ ክፍለ ሀገር ሲያወሩ፣ ባተርሲ የተወለዱት ልጆች የወላጆቻቸውን ነጠላ እየጎተቱ «እንሂድ» ይላሉ፤ የሚጠብቃቸው ቁጥር 137 አውቶቡስና የፓርኩ ኳስ ሜዳ ነው። መላምቱ ትክክል ከሆነ፣ ከነዚህ ልጆች አንዷ አድጋ አዲስ አበባ ሥራ ይዛ ብትኖር፣ ስለ ቸኮሌት ማንሣት የለባትም፤ ቸኮሌት በሻንጣ ይመጣል። ለቦሌ ጎረቤቶቿ መንገር ያለባት በባተርሲ ፓርክ ስለሚዘንበው ስስ ዝናብ፣ በ137 ላይኛው ፎቅ ፊት ለፊት ወንበር ላይ ስለ መቀመጥ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የለንደን ውሃ ከሌላው ዓለም ውሃ ሁሉ እንደሚጣፍጥ ነው። ማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ነገር ካልጋገረማ ምኑን ሻይ ሆነ?