የአራተኛ ክፍል ሰኔ

የኢትዮጵያ የትምህርት ዘመን በመስከረም ተከፍቶ በሰኔ 30 የሚዘጋ ሲሆን፣ የመንግሥት የበጀት ዓመትም በዚያው ቀን ስለሚያበቃ፣ አንድ የአራተኛ ክፍል ተማሪና አንድ የፋይናንስ ጽሕፈት ቤት ሒሳባቸውን የሚዘጉት በአንድ ቀን ነው። ሁለቱም ዓመቱን ሙሉ ሲያንከባልሉት የቆዩትን ሥራ በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ለመጨረስ የሚያሳዩት ጥድፊያ አይለያይም፤ የሚለያዩት ተማሪው የጎደለበትን የሚጠይቀው ሰው ፈጽሞ የማያጣ በመሆኑ ብቻ ነው።

ከሌሎቹ ክፍሎች ተለይቶ አራተኛ ክፍል የሚመረመርበት በቂ ምክንያት አለ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ስምንት ዓመት የሚፈጀውን የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ለሁለት እርከን ሲከፍለው፣ አራተኛ ክፍል የመጀመሪያው እርከን መዝጊያ ሆኖ ነበር። በዚያ እርከን አንድ መምህር ሁሉንም የትምህርት ዓይነት በአንድ ክፍል ውስጥ የሚያስተምሩበት አሠራር የተለመደ ስለነበር፣ ልጁ ሒሳብን ከአማርኛ የሚለየው በመምህሩ መለወጥ ሳይሆን ከቦርሳው በሚያወጣው ደብተር ነበር። ከ1ኛ እስከ 3ኛ ክፍል ደግሞ ነፃ ዝውውር፣ ማለትም ተማሪው በተከታታይ ምዘና እየታገዘ ሳይደግም ወደ ቀጣዩ ክፍል እንዲያልፍ የሚያደርግ ሥርዓት ሲሠራበት በመኖሩ፣ እስከዚያ ድረስ ከዛፍና ከአልጋ ላይ ብቻ ይታወቅ የነበረው መውደቅ ወደ ካርድ የሚሸጋገረው በአራተኛ ክፍል ነው። በአሁኑ አደረጃጀት አንደኛ ደረጃ እስከ 6ኛ ክፍል በመዝለቁ አራተኛ ክፍል የመዝጊያነት ማዕረጉን ቢያጣም፣ ወላጆች ግን ይህን የሰሙ አይመስሉም።

የአገሪቱ የትምህርት ጥራት ሲለካም መለኪያው በብዙው ያረፈው በዚሁ የአሥር ዓመት ልጅ ትከሻ ላይ ነው። አገር አቀፍ የትምህርት ቅበላ ምዘና የሚባለው፣ ተማሪዎች ከሥርዓተ ትምህርቱ ምን ያህሉን እንደቀሰሙ በናሙና የሚያጠናው ፈተና፣ ለ4ኛና ለ8ኛ ክፍል ሲሰጥ የቆየ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2000፣ በ2004 እና በ2008 በተካሄዱት ምዘናዎች የአራተኛ ክፍል ተማሪዎች አማካይ ውጤት 50 ከመቶ አልደረሰም። አማካይ ውጤት የብዙ ልጆች ውጤት ተደምሮ ለቁጥራቸው ሲካፈል የሚገኝ በመሆኑ፣ እያንዳንዱ ወላጅ አማካዩን የጎተቱት የጎረቤት ልጆች መሆናቸውን በእርግጠኝነት ያውቃል።

እንዲህ ያለ ወሬ በቤት ውስጥ በተነሣ ቁጥር ቀድሞ የሚሰማው መልስ «የድሮ አራተኛ» የሚለው ነው። የድሮ አራተኛ በአያቶች አንደበት ተጠብቆ የኖረ፣ ዛሬ ማንም ሊፈትነው የማይችል የትምህርት ደረጃ ሲሆን፣ ባለቤቶቹ እንደሚሉት የዓለምን ዋና ከተሞች በቃል መውጣትን፣ እንግሊዝኛን ከነአገባቡ መናገርንና ለመንግሥት መሥሪያ ቤት ጸሐፊነት መብቃትን ያጠቃልላል። እውነት ለመናገር በዚያ ዘመን አራተኛ ክፍል ለመድረስ ዕድል የሚያገኘው ልጅ እጅግ ጥቂት ስለነበር፣ የደረሰው የተመረጠ መሆኑ አይካድም፤ ዛሬ ግን በሩ ለሁሉም ስለተከፈተ የተመረጠውም ያልተመረጠውም በአንድ ዴስክ ላይ ይቀመጣል። ይሁን እንጂ የልጅ ልጅ የሒሳብ ደብተሩን ይዞ ወደ አያቱ በቀረበ ጊዜ፣ የድሮው አራተኛ መነጽራቸው የት እንደገባ ሊያስታውሱ ያልቻሉበት አጋጣሚ ጥቂት አይደለም።

ደብተሩ በሰኔ ውስጥ ሲገለጥ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ክፍልፋይ ላይ ነው፤ መምህሩ ምዕራፎቹን ለመጨረስ ሲሯሯጡ ይህኛው እንደ አቀበት ይይዛቸዋል። ክፍልፋይ የአንድ ሙሉ ነገር እኩል የተከፈለ ድርሻ ሲሆን፣ ከሰረዙ በላይ የሚጻፈው ቁጥር ላዕል፣ ከሰረዙ በታች የሚጻፈው ታህት ይባላል፤ ታህቱ ሙሉው ነገር ስንት ቦታ እንደተከፈለ፣ ላዕሉ ደግሞ ከተከፈለው ስንቱ እንደተወሰደ ያመለክታል። ልጁ ይህን ፍቺ ሳይደናቀፍ በቃሉ ይወጣዋል፤ ሆኖም ከ1/4 እና ከ1/8 የሚበልጠው የትኛው እንደሆነ ሲጠየቅ፣ 8 ከ4 ስለሚበልጥ 1/8 ይበልጣል ብሎ በሙሉ ልብ ይመልሳል። ስሕተቱ በየትኛውም አገር ያሉ የሒሳብ መምህራን የሚያውቁት ነው። የሚገርመው ግን ያው ልጅ ከትምህርት ቤት እንደተመለሰ ሩብ ኪሎ ስኳር እንዲገዛ ሱቅ ሲላክ፣ ሚዛኑ ጥቂት ቢያጋድል ከባለሱቁ ጋር የሚሟገት መሆኑ ነው። ድፎ ዳቦ ለአራት ሲቆረስና ለስምንት ሲቆረስ ያለውን ልዩነትማ ከማንም በላይ ያውቀዋል፤ በዓል በመጣ ቁጥር እንግዳ ሲበዛ ታህቱ እያደገ የእርሱ ቁራሽ እያነሰ እንደሚሄድ ሳህኑን ይዞ ሲታዘብ ኖሯል። የጎደለው ነገር ቢኖር፣ ድፎውና ሰሌዳው የሚናገሩት ስለ አንድ ጉዳይ መሆኑን የነገረው ሰው ነው።

በማካፈል ትምህርትም ተመሳሳይ ነገር ይታያል። 45 ሙዝ ለ7 ልጆች ሲካፈል ድርሻው፣ ማለትም ለእያንዳንዱ የሚደርሰው፣ 6 ሲሆን 3 ሙዝ ቀሪ ይሆናል። መጽሐፉ ቀሪውን ከጻፈ በኋላ ወደሚቀጥለው ጥያቄ ያልፋል፤ ልጆቹ ግን አያልፉም፤ ቀሪው ለማን እንደሚሰጥ ማወቅ ይፈልጋሉ፤ እጅ አውጥተውም ይጠይቃሉ። ይህ ጥያቄ ከሒሳብ ይልቅ ወደ መንግሥት አስተዳደር የሚያደላ በመሆኑ በክፍለ ጊዜው ውስጥ መልስ አያገኝም።

የጊዜ አቆጣጠር ትምህርት ለብቻው ሊታይ የሚገባው ነው። በአማርኛ በተጻፈው መጽሐፍ አንድ ዓመት 13 ወር አለው፤ ከእነዚህ 12ቱ እያንዳንዳቸው 30 ቀን ሲኖራቸው፣ 13ኛዋ ጳጉሜን 5 ቀን፣ በየአራት ዓመቱ ደግሞ 6 ቀን ይኖራታል። ደወል ተደውሎ የእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ሲገባ ግን ዓመቱ ከ12 ወር አይበልጥም፤ ወራቱም አንዱ 30፣ አንዱ 31፣ አንዱ 28 እየሆኑ በሥርዓት አልሰለፍ ይላሉ። አንዷ ወር የት እንደገባች የሚጠይቅ ተማሪ በየክፍሉ አይጠፋም፤ የሚያገኘውም መልስ ብዙውን ጊዜ «ተቀመጥ» የሚል ነው። ሰዓቱም ከዚህ አይሻልም፤ ጠዋት በ2 ሰዓት ትምህርት ቤት የገባ ልጅ በእንግሊዝኛ በ8 ሰዓት እንደገባ እንዲናገር ስለሚጠበቅበት፣ አባባሉን ቃል በቃል ለሚወስድ ሰው ምሳውን በልቶ የመጣ ይመስላል። ቢሆንም ልጁ በሰኔ መጨረሻ ሁለት የዘመን አቆጣጠርና ሁለት የሰዓት አቆጣጠር አቀላጥፎ ይጠቀማል፤ ለዚህ ችሎታው የሚሰጠው ማርክ ግን በካርዱ ላይ አይገኝም።

የአካባቢ ሳይንስ ትምህርት በበኩሉ ከወቅቱ ጋር ይጋጫል። የውሃ ዑደት ማለት ውሃ በፀሐይ ሙቀት ተንኖ ወደ ሰማይ ከወጣ በኋላ ቀዝቅዞ ደመና የሚሆንበትና ተመልሶ በዝናብ መልክ የሚወርድበት የማያቋርጥ ሂደት ሲሆን፣ ይህን ለማስተማር ከሰኔ የተሻለ ወር አይገኝም ማለት ይቻላል። ሆኖም የብዙዎቹ ትምህርት ቤቶች ጣሪያ ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ በመሆኑ፣ መምህሩ «ትነት» ብለው በሰሌዳው ላይ ጽፈው ማብራራት እንደጀመሩ ዝናቡ ራሱ ይመጣና ንግግሩን ይረከባቸዋል። ከዚያ በኋላ ለሃያ ደቂቃ ያህል የመምህሩ ከንፈር ሲንቀሳቀስ ይታያል እንጂ ድምፃቸው አይሰማም፤ ተማሪዎቹም ጣሪያው በሚያፈስበት በኩል ያሉትን ዴስኮች ወደ መሐል እየገፉ የዑደቱን የመጨረሻ ክፍል በተግባር ይማራሉ። ስለ ደብዳቤ አጻጻፍ ትምህርት ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ በቴሌግራም ድምፁን ቀድቶ መላክ የለመደ ልጅ፣ አጠገቡ ለተቀመጠው ጓደኛው «ከአንተ ናፍቆት በስተቀር እኔ በጣም ደህና ነኝ» ብሎ ጽፎ፣ ወረቀቱን በክንዱ ሸፍኖ ያስረክበዋል።

እስካሁን የተጠቀሰው በመጽሐፍ የታተመው ትምህርት ነው። ከዚህ ጎን ለጎን በየትኛውም መመሪያ ላይ ያልሰፈረ፣ ነገር ግን ሁሉም ተማሪ የሚከታተለው ሌላ ትምህርት ሲኖር፣ ማዕከሉም የክፍል አለቃ ነው። የክፍል አለቃ መምህር በሌለበት ሰዓት ፀጥታ እንዲያስከብር የሚሾም ተማሪ ሲሆን፣ መሣሪያው ከደብተር መሐል የተገነጠለ፣ ከላይ «የረባሾች ስም ዝርዝር» የሚል ርእስ የተጻፈበት ወረቀት ነው። ስሙ ከተጻፈ በኋላ መረበሹን ያላቆመ ተማሪ በስሙ አንጻር የኤክስ ምልክት ይደረግበታል፤ ምልክቱ በበዛ ቁጥር የሚጠብቀው ቅጣት ይከብዳል። በሰኔ ወር መምህራን ፈተና በማረምና ውጤት በመሙላት ስለሚጠመዱ ክፍሉ ለረጅም ሰዓት ያለ መምህር ይቆያል፤ በዚህም ምክንያት የአለቃው ሥልጣን በዓመቱ ውስጥ ከነበረው ሁሉ ይበልጣል። የአራተኛ ክፍል ተማሪ አንድ ስም በአንድ ማስቲካ ሊሰረዝ እንደሚችል፣ አንድ ኤክስ በእፍኝ ቆሎ እንደሚነሣ፣ ምንም የሌለው ልጅ ግን ስሙ ከነምልክቱ መምህሩ ዘንድ እንደሚደርስ የሚማረው በእነዚህ ቀናት ነው። በኋለኛ ዘመኑ ከጉዳይ አስፈጻሚ ቢሮ ደጃፍ ላይ ሲቆም አሠራሩ እንግዳ የማይሆንበትም ስለዚህ ይመስላል።

ሥልጣን ግን የጊዜ ገደብ አለው። በቀደሙት ትውልዶች ዘንድ ሰኔ 30 ካርድ የሚታደልበት ብቻ ሳይሆን ቂም የሚወራረድበት ቀን ጭምር ነበር፤ በማግሥቱ ትምህርት ስለሌለ ቅጣትም አይኖርም በሚል ስሌት፣ ዓመቱን ሙሉ የተጠራቀመ ጠብ ሁሉ «ሰኔ 30 እንገናኝ» በሚል ቀጠሮ ሲተላለፍ ይከርም ነበር። በዚያ ቀን ከሁሉ በፊት ከግቢ የሚወጣው፣ ወይም ታላቅ ወንድሙን አስከትሎ የሚመጣው፣ ያው የክፍል አለቃ ነበር። ዛሬ አንዳንድ ትምህርት ቤቶች ካርድ የሚሰጡት ወላጅ ሲቀርብ ብቻ በመሆኑ ባህሉ እየቀዘቀዘ ሄዷል።

የመማሪያ መጽሐፍ መመለሻ ቀንም የራሱ ትምህርት አለው። በመንግሥት ትምህርት ቤቶች መጽሐፉ በውሰት ከአንዱ ዓመት ተማሪ ወደ ሌላው ስለሚተላለፍ፣ በሰኔ የሚመለሰው መጽሐፍ በርካታ ባለቤቶችን ያስተናገደ ነው። ከላይ በጋዜጣ ወይም ባለፈው ዓመት የቀን መቁጠሪያ የተሸፈነ ሲሆን፣ ውስጡ ሲገለጥ በሥዕሉ ላይ ያለው ገበሬ መነጽር፣ ነርሷ ደግሞ ጢም አውጥተው ይገኛሉ። ከመልመጃው ጥያቄዎች ሥር የቀድሞ ባለቤቶች በእርሳስ የጻፏቸው መልሶች ሰፍረው ይቆያሉ፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ የተሳሳቱ ናቸው። ተረካቢው ልጅ ግን የታላቅን ቃል ማክበር ስለተማረ ወደ ደብተሩ ይገለብጣቸዋል፤ በዚህ አኳኋን አንድ የተሳሳተ የማባዛት ውጤት ለዓመታት ሳይነካ ሲወርድ ሲዋረድ ይኖራል።

በመጨረሻ ካርዱ ይመጣል። በካርዱ ላይ የየትምህርቱ ውጤት፣ የጸባይ አስተያየትና ከ4ኛ ወደ 5ኛ ክፍል መዛወሩን የሚገልጽ ዐረፍተ ነገር ቢኖርም፣ በዘመድም በጎረቤትም ዘንድ የሚነበበው አንድ ቁጥር፣ ማለትም ደረጃ ብቻ ነው። ደረጃ ተማሪው ከክፍል ጓደኞቹ ጋር ሲነጻጸር ስንተኛ እንደሆነ የሚያሳይ እንጂ ምን እንዳወቀ የሚያሳይ አይደለም፤ ማንም ሰው ክፍልፋይ ባልገባው ክፍል ውስጥም አንደኛ የሚወጣ ልጅ መኖሩ አይቀርም። ሦስተኛ የወጣ ልጅ «ምነው አንደኛ አልወጣህም?» ሲባል፣ አንደኛ የወጣው ደግሞ «ክፍላችሁ ሰነፍ ነው እንዴ?» የሚል ጥያቄ ይጠብቀዋል።

ስለሆነም ካርድ ለመቀበል የሚሄዱ ወላጆች፣ ስንተኛ ወጣህ ከማለታቸው በፊት ልጁን አንድ ገጽ ጮክ ብሎ እንዲያነብላቸውና ያነበበውን በራሱ ቃል እንዲነግራቸው ቢጠይቁት መልካም ነው። የአማርኛ መጽሐፉ ቀድሞ ስለተመለሰ በቤት ውስጥ የተገኘው ጽሑፍ፣ ጋዜጣም ይሁን የመድኃኒት መመሪያ፣ ለዚህ ያገለግላል፤ መነጽራቸው ከተገኘ ደግሞ የድሮ አራተኛም ቀጥለው ቢያነቡ የሚከለክላቸው የለም።