«ጋዙ አልቋል»

የሕማማት ሰሞን ነው። ፍሪጃችንም ከእናንተ እኩል ልጹም አለ መሰል ማቀዝቀዙን ተወ። መጀመሪያ የታወቀው በልጆቹ ወተት ነው፤ አድሮ ጠዋት ሲፈላ ድስቱ ውስጥ ተበጣጠሰ። ባለቤቴ ጥፋቱን ወተት አመላላሿ ላይ ጣለችው። ቀጥሎ ሽሮው ኮመጠጠ። ሽሮው የራሳችን ስለሆነ የሚወቀስ ሰው ጠፋ።

ግራ የሚያጋባው ደግሞ ላይኛው በረዶ ቤት ደኅና መሆኑ ነው። እዚያ የተቀመጠው የውኃ ላስቲክ ድንጋይ ሆኗል። ላይ ቤት ራስ ዳሸን፣ ታች ቤት ሎጊያ!

ፍሪጅ ሲበላሽ ምክር አይቸግርም። ጎረቤታችን «ዓይን ነው» አሉ፤ ስንገዛው አብረው ስለነበሩ ማንን እንደጠረጠሩ አልጠየቅኩም። ዱባይ ያለው ወንድሜ በስልክ «ጣለውና ሌላ ግዛ» አለ፤ ዱባይ ተቀምጦ መናገር ምን ይገዳል። እኔ በበኩሌ የማውቃትን ሞከርኩ። ሶኬቱን አየሁ፤ ከግድግዳው ፈቀቅ አድርጌ ከኋላ የተጋገረውን አቧራ ጠረግኩ። የበሩን ጎማ በመቶ ብር ፈተንኩት፦ ብሩን በሩ መሃል አድርጎ መዝጋትና መሳብ ነው፤ ያለ ምንም ትግል ሾልኮ ከወጣ ጎማው ላልቷል። የኔ ብር ሊቀደድ ደረሰ እንጂ አልወጣም። ጎማው ጨዋ ነው።

እንግዲህ ሠሪ ተጠራ። ወጣት ነው፤ ትንሽ ቦርሳና ትልቅ በራስ መተማመን ይዞ መጣ። በሩን እንኳ አልከፈተም። ከኋላ ጎንበስ ብሎ ኮምፕሬሰሩን ዳበሰና ተነሣ።

«ጋሼ፣ ጋዙ አልቋል።»

«ታዲያ ላይኛው እንዴት በረዶ ይሠራል?»

«እሱ የቀረው ነው።»

ለዚህ መልስ ምን ይባላል? እናቴ ለፋሲካ ከገጠር መጥታ ሳሎን ተቀምጣለች፤ «የኛ ቤት ሲሊንደርም እንዲህ ነው ድንገት እልም የሚለው» ብላ አገዘችው። ልጁ ዋጋውን ሲጠራ ግን እሷም ዝም አለች። አስቤ እደውላለሁ ብዬ ሸኘሁት።

ነገሩ እናቴ እንዳለችው አይደለም። የሲሊንደር ጋዝ ይነድዳል፣ ያልቃል። የፍሪጅ ጋዝ ግን ሥራው መንደድ አይደለም፤ ታሽጎ ይዞራል። ኮምፕሬሰሩ ይጨምቀዋል፣ ሙቀቱን በውጭ ቱቦ ያራግፋል፣ በቀጭኗ ቱቦ አልፎ በረዶ ቤት ሲደርስ ይሰፋና የዕቃውን ሙቀት ይስባል፣ ተመልሶ ይመጣል። ከፋብሪካ ሲወጣ የተሞላው ፍሪጁ እስኪሞት ሊያገለግል ይችላል። አለቀ ከተባለ አንድ ቦታ ተቀድዷል ማለት ነው፤ ቀዳዳው ሳይደፈን መሙላት ለሚቀጥለው ጥገና ቀጠሮ መያዝ ነው።

መፍሰሱ ራሱ ድሮ የሞት ነገር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ የነበሩ ብዙ ፍሪጆች ጋዛቸው መርዝ ነበር። በርሊን ውስጥ አንድ ቤተሰብ በዚህ ሳቢያ ማለቁን ጋዜጣ ላይ ያነበበው አልበርት አንስታይን ከፊዚክስ ሊቁ ሊዮ ዚላርድ ጋር ሆኖ የሚንቀሳቀስ ክፍል የሌለው፣ ስለዚህም የማያፈስ ፍሪጅ ነድፎ እ.ኤ.አ. በ1930 አሜሪካ ውስጥ የፈጠራ መብት አስመዝግቧል። ያ ሁሉ ጭንቅላት ፍሪጅ ሲጠግን ሳስበው ለራሴ አዘንኩ። ፍሪጁ ገበያ አልወጣም። ፍሪዮን የሚባል ጋዝ መጣና መርዙን ተካ፤ እሱ ደግሞ ኦዞንን ሲበላ ተገኝቶ እ.ኤ.አ. በ1987ቱ የሞንትሪያል ስምምነት እንዲቀር ተወሰነ። ዛሬ ብዙ አዳዲስ ፍሪጆች ላይ «አር 600 ኤ» የሚል ጽሑፍ ታያላችሁ። እሱ አይመርዝም፤ እሳት ግን ይይዛል። መጠኑም ጥቂት አሥር ግራም ነው፣ እዚያው ወረቀቱ ላይ ተጽፏል፤ በዓይን ግምት የሚሞላ አይደለም።

በዚህ መሃል የበዓሉ ዶሮ ተገዝቷል። ቀድመን የገዛነው እንዳይወደድ ብለን ነበር። ፍሪጅ በሌለበት ዶሮ የሚቀመጠው ነፍሱ እንዳለች ነው፣ እሱም በረንዳ ላይ። ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሌሊት የሚጮህ አውራ ዶሮ ያለበት ቤት ስንት ወዳጅ እንደሚያጣ የደረሰበት ያውቀዋል። እናቴ ብቻ ደስ አላት። ያመጣችውን ቅቤ አነጠረችና «ይኸው፣ ፍሪጅ የሚሻ ነገር የለም» ብላ ዘጋችው።

ሁለተኛው ሠሪ ጡረታ የወጡ አዛውንት ናቸው። ሰላምታ ሰጥተው፣ ቡና ጠጥተው፣ በረዶ ቤቱን ባዶ አስደርገው የጀርባውን ፕላስቲክ በካቻቪቴ ፈቱት። ከጀርባው ቱቦ አይታይም፤ ከዳር እስከ ዳር የነጣ የበረዶ ግድግዳ ነው።

«ጋዙ አንሶ ቢሆን ኖሮ አንድ ጥግ ብቻ ነበር የሚይዘው» አሉ። «ይሄ ሞልቶ ተርፎታል።»

እንዲህ ያለ ኖ ፍሮስት ፍሪጅ ብርድ የሚሠራው ላይ ብቻ ነው፤ ወደ ታች የሚያወርደው ፋን ነው። ቱቦው ላይ የሚጋገረውን በረዶ በየሰዓታቱ የምታቀልጥ ሂተር አለች። እሷ ስትተኛ በረዶው ይከመራል፣ የንፋሱ መንገድ ይዘጋል፣ ታች ያለው ሽሮ ይኮመጥጣል።

እናቴ ይህን ሰምታ ቢላዋ ይዛ መጣች፤ ልትፈቀፍቀው።

«ኧረ እትዬ!» ሰውየው እጇን ያዙ። «ቱቦው ስስ አሉሚኒየም ነው። ጋዙ ያን ጊዜ ነው የሚያልቀው!»

ፍሪጁ ተነቅሎ፣ በሩ ተከፍቶ፣ ጨርቅ ተነጥፎለት አደረ። በማግስቱ በቴስተር ሲለኩ ሂተሯ ደኅና ናት፤ የሞተው እሷን ከመጠን በላይ ከመጋል የሚጠብቀው ትንሽ ፊዩዝ ነው። አንዳንዱ ሠሪ በሽቦ አገናኝቶ ያልፈዋል አሉኝ፤ እሳቸው ግን «ፕላስቲክ መሃል ያለ ሂተር ያለ ጠባቂ አይተውም» ብለው መርካቶ ሄደው አዲስ አመጡ። ዋጋው ከዶሮው ያንሳል።

ታችኛው ክፍል አሁን ከ4 ዲግሪ አይበልጥም። እናንተም ጋዝ አልቋል ስትባሉ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ሁለት ነገር ጠይቁ፦ የጀርባው ፕላስቲክ ይፈታልኝ፣ ቀዳዳውን አሳየኝ። ሁለቱንም እንቢ ያለውን ሻይ ጋብዛችሁ ሸኙት።